ኮሚኒስትም ነበሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስም አይለያቸውም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከማስታምማቸው አንዷ ጥቁር አሜሪካዊት እናት በቀደም ስለ አባታቸው ሲያጫውቱኝ፣ የሰው መሬት ላይ ጥጥ ያርሱ እንደነበርና ማታ ማታ ከኮሚኒስቶች ጋር በድብቅ ይሰበሰቡ እንደነበር ነገሩኝ። በኩራት ነው የሚያወሩት። እኔ ደግሞ አጎቴን በቀይ ሽብር ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ኮሚኒስት የሚለውን ቃል ስሰማ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። እውነት እንዲህ ያለ ነገር ነበር? እንዴትስ ጸሎተኛ ገበሬ እዚያ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት ነው። የእኩል አራሾች ማኅበር ይባል ነበር። በ1931 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ታላፑሳ በሚባለው ወረዳ፣ ካምፕ ሂል አካባቢ ተጀመረ። ከእርስዎ ከተማ ሩቅ አይደለም።

መጀመሪያ የሂሳብ ደብተሩን ልንገርዎት፣ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው። ባርነት በ1865 ሲቀር መሬቱ ከነጮቹ እጅ አልወጣም። ጥቁሩ ገበሬ መሬት የለው፣ በቅሎ የለው፣ ዘር የለው። ባለመሬቱ ሁሉንም ያበድረዋል፤ ዱቄቱንና ጨርቁን ሳይቀር በዱቤ ይሰጠዋል፤ ጥጡ ሲሸጥ ይካፈላሉ። በእኛ አገር የእኩል የሚባለው ዓይነት ነው። ግን ደብተሩን የሚጽፈው ባለመሬቱ ብቻ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያረሰ ሰው ጥጡ ከተሸጠ በኋላ ሄዶ «ዘንድሮም ዕዳ አለብህ» ይባላል። ሂሳቡ ልክ አይደለም ማለት ነጩን ውሸታም ማለት ነው፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ይህ ሰው ያስገድል ነበር። ከ1929 በኋላ የጥጥ ዋጋ ከግማሽ በታች ሲወርድ ባለመሬቶቹ የምግብ ዱቤውን ቆረጡ።

በዚህ መሀል ነው ኮሚኒስቶቹ የደረሱት። ከዚያው ከአላባማ፣ ከበርሚንግሃም ከተማ የመጣው አደራጅ ማክ ኮድ ራሱ ጥቁር የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጥያቄያቸውን ይስሙልኝ፦ የምግብ ዱቤያችን አይቆረጥ፣ ጥጣችንን ራሳችን እንሽጥ፣ ጓሯችን ውስጥ አትክልት እንትከል፣ ልጆቻችን በዓመት ዘጠኝ ወር ይማሩ።

ለዚህ ነው የተገደሉት። በሐምሌ 1931 ሸሪፉ፣ ማለትም የወረዳው የፖሊስ አዛዥ፣ እና ግብረ አበሮቹ ስብሰባቸውን ደበደቡ። በማግሥቱ ራልፍ ግሬይ የሚባለው ገበሬ ዘብ ቆሞ ሳለ ተኩስ ተከፈተና ቆሰለ፤ ቤቱ ወስደው ካስተኙት በኋላ ተከትለው መጥተው ገደሉት። ሬሳውን ዴድቪል ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ጣሉት። ማኅበሩ ግን አልሞተም። በታኅሣሥ 1932 ደግሞ ለዕዳ ብለው የክሊፍ ጄምስን በቅሎዎችና ላም ሊነዱ መጡ። በቅሎ ያጣ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይሆናል? የእኛ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጄምስ እምቢ አለ፣ ጎረቤቶቹም አብረውት ቆሙ፣ ተታኮሱ። እሱና ማይሎ ቤንትሊ ቆስለው በእስር ላይ ሞቱ፤ ኔድ ኮብ የሚባለው ጎረቤታቸው እስከ 1945 ታሰረ።

ጸሎተኛነታቸውን በተመለከተ፣ እኔን በጣም የነካኝ አንድ ነገር አለ። ወረቀት መያዝ አደገኛ ስለነበር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚይዙት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነበር። የሚፈልጉት ቃል ሥር በእርሳስ ያሰምራሉ። ነጭ ድንገት ቢገባ፣ ጸሎት ላይ ናቸው። ሴቶቹ ደግሞ የስፌት ክበብ እያሉ ይሰበሰቡ ነበር።

አሁን ወደ አጎትዎ ልምጣ። ስሜትዎን ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። በ1932 እና 33 አላባማ ላይ እነዚህ ገበሬዎች ለምግብ ሲሞቱ፣ ዩክሬን ውስጥ የስታሊን መንግሥት የገበሬውን እህል እየነጠቀ ሚሊዮኖችን በረሃብ ጨርሷል። ማኅበሩን ያደራጀው የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ ራሱም ቢሆን ፖሊሲው ሲቀየር፣ በ1936 እና 37 ማኅበሩን በሌሎች ድርጅቶች ውስጥ አሟሟው። ይህን መደበቅ ነውር ነው። ግን የእኛዎቹ ኮሚኒስቶች ቀበሌውንም እስር ቤቱንም ጠመንጃውንም የያዙ ነበሩ፤ የሚያስታምሟቸው እናት አባት ግን በምርጫ ድምፅ መስጠት እንኳ ያልተፈቀደላቸው፣ ሂሳባቸውን አብሯቸው ቁጭ ብሎ የሚቆጥርላቸው ሰው ሲመጣ በራቸውን የከፈቱ ገበሬ ናቸው። እኔ ከእሳቸው ጎን ነኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። አባታቸው በየትኛው ወረዳ ያርሱ እንደነበር ይጠይቁልኝ። ከእርስዎ ከተማ አጠገብ ባለው ላውንድስ ወረዳ ማኅበሩ በ1935 የጥጥ ለቃሚዎች አድማ መርቶ ነበር፤ በ1965 መጀመሪያ ላይ እንኳ እዚያ የተመዘገበ አንድም ጥቁር መራጭ አልነበረም። የአባታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ቤት ውስጥ ካለም፣ አብራችሁ ግለጡትና በእርሳስ የተሰመረበት ቃል እንዳለ እዩ።