ሰውነታችሁ ራሱ የሚሰራው ነገር አለ፣ ልጆች

ልጆቼ፣ ሱሉልታ መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ብዙ አመት ሆኖኛል። ጠዋት ስከፍት ሜዳው ገና ውርጭ ነው፣ ሯጮቹ ልምምድ ጨርሰው ሲያልፉ ከጭንቅላታቸው እንፋሎት ይወጣል፣ ላባቸው ደርቆ ግንባራቸው ላይ ጨው ሰርቷል። አንዱ ፕላስተር ሊገዛ ገብቶ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል፣ ምን አገኘህ ስለው «ምንም፣ እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነው ማዘር» አለኝ።

እኛ ስንማር ይሄ ደስታ ኢንዶርፊን፣ ሰውነት ራሱ የሚሰራው የህመም ማስታገሻ፣ ነው ይሉን ነበር፣ ግን ኢንዶርፊን ከደም ወደ አንጎል እንደልቡ አያልፍም። ሌላው ሰውነት የሚሰራው፣ አናንዳማይድ የሚባለው ነው የሚያልፈው፣ ሲሮጥም ደም ውስጥ ይጨምራል። ታሪኩ ደስ ይላል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ራፋኤል ሜሹላም የሚባል ሳይንቲስት ከባልደረባው ጋር ከጋንጃ ውስጥ የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ ለየ፣ በኋላ አንጎል ላይ ቲኤችሲ የሚያርፍበት ተቀባይ እንዳለ ታወቀ፣ ፈጣሪ ደግሞ ለቅጠል ብሎ በር አይሰራም አይደል፣ በ1992 እየሩሳሌም የሱ ላብራቶሪ ውስጥ የበሩ ባለቤት ተገኘ፣ ስሙንም ከሳንስክሪት «አናንዳ»፣ ደስታ፣ ብለው አወጡለት።

ይሄ ነገር ተጠራቅሞ አይቀመጥም። ሴሉ በተፈለገ ሰአት ከራሱ ስብ ይሰራዋል፣ የሚጮኸውን ነርቭ «በቃ ቀንስ» ይለዋል፣ ወዲያው ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ህመም፣ ረሃብ፣ እንቅልፍ፣ ፍርሃትን መርሳት፣ ሁሉም ውስጥ እጁ አለበት። አውሮፓ ውስጥ ለውፍረት ብለው ይሄንኑ ተቀባይ የሚዘጋ ሪሞናባንት የሚባል መድኃኒት ሸጠው ነበር፣ ሰዎቹ ክብደት ቀነሱ፣ ግን ድባቴ ውስጥ የገቡና ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡ ስለበዙ እ.ኤ.አ. በ2008 ከገበያ ወጣ። እኔ ይሄን ሳስብ ያመኛል፣ በዚህ ሲስተም አይቀለድም ለካ!

የጋንጃ ጭስ ግን ለአንድ ነርቭ አይመርጥም፣ ሁሉንም በር በአንዴ ያንኳኳል፣ ለሰአታት። ደጋግማችሁ ካጨሳችሁ አንጎል ተቀባዮቹን ይቀንሳል፣ ያኔ የራሳችሁ አናንዳማይድ ቢመጣም የሚቀበለው ያጣል። በዛ ላይ አንጎላችሁ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ገና እየተሰራ ነው።

አንድ የሰፈር ልጅ ያለ ጋንጃ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሊገዛ መጣ፣ አልሸጥኩለትም፣ ቁጭ አድርጌ ይሄንኑ ነገርኩት፣ ተቀባዮቹ ይመለሳሉ፣ ሳምንታት ነው የሚፈጀው፣ መጀመሪያ ትነጫነጫለህ፣ ምግብ ያስጠላሃል፣ ከከበደህ ሀኪም ጋ እንሄዳለን፣ ጠዋት ጠዋት ከሯጮቹ ኋላ እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ፍጥነት ቀስ ብለህ ሩጥ አልኩት። በ3ኛው ሳምንት በሩ ላይ ቆሞ «ማዘር፣ ትናንት ማታ እኮ ራበኝ» አለኝ።