የጎማ አየር ይመዝናል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲነፋልኝ ጓደኛዬ «አየር ስታበዛ መኪናዋ ትከብድና ነዳጅ ትበላለች» አለኝ። እኔ ደግሞ አየር ክብደት የለውም ብዬ ድርቅ አልኩ። በቡና ተወራርደናል። ማን ይክፈል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተበልታችኋል፤ ተካፍላችሁ ክፈሉ። አየር ክብደት አለው። የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጎማ 30 ሊትር ገደማ ይይዛል እንበል፤ እስከ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ስታስነፋው ኮምፕሬሰሩ የሚጨምርበት አየር ቢመዘን 80 ግራም አካባቢ ነው፣ አራቱም ተደምሮ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘች ሃይላንድ አያክልም። መኪናዋ አታውቀውም። ሲኖትራክ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። 150 ሊትር የሚይዝ ጎማ በ120 ፒኤስአይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይገባበታል፤ አሥር ጎማ ቢኖረው 15 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ገዝቶ ከሚጭነው አንድ ማዳበሪያ ከሰል ያነሰ።

የነዳጁን ነገር ጓደኛህ ገልብጦ ነው የያዘው። ነዳጅ የሚበላው የተነፈሰ ጎማ ነው። አየር ሲያንሰው መሬት ላይ ይተኛል፣ በዞረ ቁጥር ይተጣጠፋል፣ የሞተሩ ጉልበት ጎማውን በማሞቅ ያልቃል። ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት ዳገት ላይ የገፋ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ደግሞ በተራ አየር ፈንታ ናይትሮጅን ልሙላልህ፣ «ናይትሮጅን ቀላል ነው» ብሎ የሚያስከፍልህ ካለ፣ ልዩነቱ በአንድ የቤት መኪና ጎማ ከጥቂት ግራም አያልፍም። ለክብደቱ ብለህ ብርህን አታውጣ።