አንድ ተሳቢ ይዘው ለሚሠሩ፦ ስለ ናፍጣ፣ ጎማና ብድር ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በራሴ ተሳቢ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጥያቄያችሁ ብዙ ነው፤ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ትርፌ ይጠፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ስለነበር ጭማሪው ድንገተኛ አይደለም። አስላው። ደርሶ መልሱ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናህ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ቢበላ 720 ሊትር ይሆናል። በሊትር 10 ብር ከጨመረ 7,200 ብር ከኪስህ ወጣ ማለት ነው። ውል ስትይዝ የጭነቱ ዋጋ በየትኛው ቀን የናፍጣ ዋጋ እንደተሰላ ይጻፍ፤ ከጨመረም ልዩነቱ ይታሰብልህ። «ኋላ እንተሳሰባለን» ሲሉህ እሺ አትበል።

ሌላው ባዶ ጉዞ ነው። አገራችን የምታስገባው ጭነት ከምታስወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ አብዛኞቻችን ወደ ጅቡቲ የምንወርደው ባዶ ነው። ስለዚህ በኩንታል ስትደራደር የመውረጃውንም ናፍጣ ጨምረህ አስብ። ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ሲጎዱ አያለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ የጎማ ወጪ እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ የእኔ መኪና ከነተሳቢው 22 ጎማ አለው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ አናት ላይ ወጥቷል። አንድ ቀን አፋር ውስጥ ገዋኔ አካባቢ፣ ቀትር ላይ፣ የተሳቢው የኋላ ጎማ ፈነዳብኝ። አስፋልቱ ከሙቀቱ የተነሳ ለስልሶ ክሪኩ እየሰመጠ አስቸገረን፤ ረዳቴ ሳንቃ ፈልጎ ከሥሩ አደረገ። ሚሌ ሳንደርስ ሁለተኛው ደገመ። የዚያ ጉዞ ገንዘብ ለሁለት ጎማ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ እንደተቀበልኩ የጎማውን ድርሻ ለብቻው የባንክ ደብተር አስገባለሁ። ያ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ ለቤት ወጪም አይነካም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ መኪናውን የማሠራው እኔ ነኝ። አስጫኙ ክፍያዬን ሁለት ወር ያቆይብኛል።

መልስ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። የናፍጣውንና የሾፌሩን አበል የሚሸፍን ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበዪ መኪናው አይንቀሳቀስ። ዕቃው መድረሱ የተፈረመበትን ወረቀት ዋናውን አንቺ ያዢ፤ ለሾፌር ወይም ለደላላ አትተዪው። ሁለቴ ያቆየሽን ሦስተኛ አትጫኚለት።

ጥያቄ፦ በብድር ሲኖ (የቻይና ከባድ መኪና) ልግዛ?

መልስ፦ በወር ስንት ጉዞ እንደምትሠራ በጥሩው ወር አትቁጠር። ወረፋ ላይ ቆመህ አንድ ጉዞ ብቻ በሠራህበት ወር ቁጠር። ባንኩ መኪናህ ጋራዥ ገባ ብሎ አይጠብቅህም። የሦስት ወር ክፍያ በእጅህ ከሌለ ለጊዜው ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ወጪ ለመቀነስ ረዳቱን ላሰናብት?

መልስ፦ አታድርገው ወንድሜ። ሌሊት ጭነቱን ማን ይጠብቅልሃል?