«አውደልዳይ» ወይስ «ተንከራታች»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ከተመረቅኩ ዓመት አለፈኝ። ቀን ቀን ሲቪዬን ይዤ ከቢሮ ቢሮ እዞራለሁ። ፀሐዩ በረድ ሲል ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ከዚራ ሰፈር ወክ እናደርጋለን። ማታ ስገባ እማዬ «አንተ አውደልዳይ!» ትለኛለች። ቃሉ ስድብ ነው? ጓደኛዬ ግን «ዐውድ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው፣ መዞር ማለት ብቻ ነው ይለኛል።

መልስ፦ ከጓደኛህ ልጀምር። ግምቱ ሲሰሙት ያምራል። በግዕዝ «ዖደ» ማለት ዞረ ነው። «ዐውደ ዓመት»ም የሚባለው ዓመቱ ዞሮ ሲገጥም ነው። ግን «አውደለደለ» ከዚያ ዘር አይደለም። ቢሆን ኖሮ «ለደለ» የሚለው ጭራ ከየት መጣ? ቃሉን ከቤተሰቦቹ ጋር አስቀምጠውና እየው፦ አጉረመረመ፣ አሽቆለቆለ፣ አብረቀረቀ። ሁሉም ፊታቸው ላይ «አ» አለ። መጨረሻቸው ላይ ደግሞ ሁለት ፊደል ይደገማል፦ ረመ ረመ፣ ቆለ ቆለ፣ ረቀ ረቀ። «ደለ ደለ»ም እንደዚያው ነው። ድርጊቱ መላልሶ መሆኑን ድምፁ ራሱ ይነግርሃል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃየል የተባለው «ተቅበዝባዥ»ም ያው ድግግሞሽ አለው።

ስድብ ነው ወይ? አዎ፣ ወቀሳ አለበት። ወቀሳው ደግሞ ሰዋስዉ ውስጥ ገብቷል። «እከሌ አውደለደለኝ» ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? አይባልም። የሚያውደለድለው ሰውየው ራሱ ነው፤ ሌላ ተጠያቂ የለም። ሥራ እያለው እግሩን የፈታ፣ መዋያውን ያላወቀ ሰው ነው አውደልዳይ።

አሁን «ተንከራተተ»ን ተመልከት። «ቢሮው አንከራተተኝ»፣ «ነገ ና እያሉ አንከራተቱኝ» ይባላል። እዚህ ጋ አድራጊ አለ፤ አንተ ተደራጊ ነህ። ጥፋቱ ከሚሄደው ወደሚያስኬደው ይዞራል። ቃሉን የሚሰማ ሰው ያዝናል እንጂ አይቆጣም። «ሲንከራተት ኖረ» ሲባል ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል።

አሠራሩም ደስ ይላል። «ሸርተት አለ» ከሚለው ጎን «ተንሸራተተ» እንዳለ ሁሉ፣ «ከርተት አለ» ከሚለው ጎን «ተንከራተተ» አለ። «እላይ እታች ከርተት ስል ዋልኩ» የሚሉት እኮ የደከማቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ሥራ ፈላጊን «አውደልዳይ» ሲሉት ስሰማ በእውነት ያመኛል። የአንተ የቀን ውሎ መንከራተት ነው።

የከዚራው ደግሞ ሌላ ነው። ያ «ዞር ዞር ማለት» ነው። «ዞረ» ብቻውን አይወቅስም፣ አያሞግስም። ስታለሰልሰውና ስትደግመው መናፈስ ይሆናል። «ዙረት» ስትለው ግን ቁጣ ይገባበታል፤ «ዙረታም» ደግሞ ከ«አውደልዳይ» ብዙም አይርቅም። ምድር ባቡሩን ተከትለው በተቀየሱት በእነዚያ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከድሬ ሙቀት በኋላ ዞር ዞር ያለን ሰው «አውደለደለ» ማለት አይገባም።

እናትህ በፍቅር ብላው ይሆናል፤ እናት በስድብም ትጣራለች። ቢሆንም ዛሬ ማታ ስትገባ ቀድመህ «እማዬ፣ ዛሬም ሲያንከራትቱኝ ዋሉ» በላት።