ጥያቄ፦ በእሽቅድምድም ሜዳ ለእሳትና ለአደጋ ጊዜ ሥራ ያገለገለ ፒክአፕ ለተራ መንገድ ላድሰው ነው፤ ከቀለም ልጀምር ወይስ ከምርመራ?

መልስ፦ ቀለሙ ይቆይ። መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክር። ሜዳ ውስጥ ብቻ የሠራ መኪና አንዳንዴ ጭራሽ ታርጋ ኖሮት አያውቅም። ወረቀቱ ካልተስተካከለ የምታወጣውን ገንዘብ ሁሉ ውሃ በላው።

ቀጥሎ የጣሪያውን ብልጭልጭ መብራትና ሳይረኑን ፍታ። ሽቦውን እስከ ፊውዝ ሳጥኑ ተከትለህ አውጣው፤ ቆርጠህ የተውከው ጫፍ አንድ ቀን ሾርት ያደርግልሃል።

የውሃ ታንከሩን ስታወርድ ግን አስብበት። 400 ሊትር ውሃ ማለት 400 ኪሎ ነው። ባሌስትራው (የኋላውን ጭነት የሚሸከመው ስፕሪንግ) ለዚያ ክብደት ተጠናክሮ ከሆነ ኋላው ሽቅብ ይነሳል፣ የፊት መብራቱም መሬት መሬቱን ያያል። ስለዚህ መብራት የምታስተካክለው ከባሌስትራው በኋላ ነው። ጎማውም ጥርሱ አዲስ ቢመስል አትመነው፤ ጎኑ ላይ 2316 ካለ እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ከልምድ አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ የእሳት ማጥፊያ ዱቄት ካገኘህ በውሃ እንዳታጥበው። እርጥበት ሲነካው ብረት ይበላል። በደረቁ በቫኪዩም ምጠጠው፣ በተለይ ወንበር ስር ያሉትን የሽቦ ሶኬቶች እየከፈትክ። እኔ የሠራሁት ላይ ሶኬቱ ከውጭ ንፁህ ነበር፤ ስከፍተው ፒኖቹ አረንጓዴ ሆነው አገኘኋቸው።