የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰው የሚሆኑ ሮቦቶች በትንሽ በጀት

ከወሎ የደረሱን የዚህ ወር ደብዳቤዎች ባብዛኛው የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ሰው መሳይ ሮቦት ቀስ በቀስ ሰው በሚሆንባቸው፣ በአነስተኛ ገንዘብ በተሠሩ የቆዩ የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች። አምስት ጥያቄዎች መርጠናል። የፊልሞቹን መጨረሻ ቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ የመጀመሪያውን መልስ ይዝለል።

ጥያቄ፦ የፊልም ክበብ አቋቁመናል። በዚህ ዘርፍ ከየትኛው ፊልም እንጀምር? «ርካሽ ፊልም ያሰለቻል» የሚሉን አሉ። *(ከደሴ፣ ሆጤ)*

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣው «ዘ ክሪኤሽን ኦቭ ዘ ሂዩማኖይድስ» ጀምሩ። ያሰለቻል የሚሉት ይህንኑ አይተው ከሆነ ቅሬታቸው ይገባናል፤ ሰዎቹ ቆመው ብዙ ያወራሉ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ካሜራው ቦታ በለወጠ ቁጥር መብራቱ እንደገና ይስተካከላል፣ የቀረጻ ቀን ይጨምራል፣ ወጪው ይንራል። ስለዚህ ታሪኩን ንግግሩ ተሸከመው። ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የሰው ዘር ተመናምኗል፤ ሥራውን ሮቦቶች ይሠራሉ፤ «የሥጋና የደም ማኅበር» የሚባል ቡድን ደግሞ ይጠላቸዋል። ከማኅበሩ ቀንደኛ ሰዎች አንዱ ካፒቴን ክራጊስ ነው። በመጨረሻ እሱ ራሱ ከሞተ በኋላ ትዝታው ወደ ሰው ሠራሽ አካል የተዛወረ ሮቦት መሆኑን ይደርስበታል። ፊልሙን ስታዩ ገንዘቡ የት እንደዋለ ተመልከቱ። ካሜራውን የያዘው ሁለት ጊዜ ኦስካር ያገኘው ሃል ሞር ነው፤ የሮቦቶቹን ፊት የሠራው ደግሞ በ1931 የፍራንከንስታይንን ፍጡር ፊት የሠራው ጃክ ፒርስ። ግድግዳው ባዶ ቢሆንም ብርሃኑና ፊቱ በባለሙያ እጅ ያለፉ ናቸው።

ቀጥሎ የ1982ቱን «አንድሮይድ» አሳዩ። ዳይሬክተሩ አሮን ሊፕስታት ነው። ማክስ 404 የተባለ ሮቦት በጠፈር ጣቢያ ውስጥ ከዶክተር ዳንኤል ጋር ይኖራል፤ ዶክተሩን የሚጫወተው ክላውስ ኪንስኪ ነው። ማክስን የሚጫወተው ዶን ኦፐር ከጽሑፉ ደራሲዎችም አንዱ ነው። የጠፈር ጣቢያው ክፍሎች የአነስተኛ በጀት ፊልሞች አምራች ከሆነው ከሮጀር ኮርማን ድርጅት ቀደምት ፊልሞች የተረፉ ናቸው። ማክስ የሰውን ጠባይ የሚማረው የድሮ ፊልሞችን እያየ ነው። መጨረሻ ላይ ዶክተሩም ሰው አለመሆኑ ይገለጣል።

ሁለቱም ፊልሞች አንድ ዓይነት መጨረሻ መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሰው ነው ያልነው ሮቦት ሆኖ ሲገኝ ልብስ አይሰፋም፣ ማሽን አይሠራም፤ ተዋናዩ እንዳለ ይበቃል። ተመልካቹ ደግሞ ያየውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲመረምር ይገደዳል። ለትንሽ በጀት ከዚህ የተሻለ ሀብት የለም። ሐሳቡም ሥር አለው፤ በ1921 ፕራግ ላይ በመድረክ በታየው የቼኩ ደራሲ የካሬል ቻፔክ ተውኔት ውስጥ ያሉት ሮቦቶች የብረት ሳይሆኑ ሰው ሠራሽ ሥጋ የለበሱ ነበሩ፤ ተውኔቱ የሚዘጋውም ሁለቱ ሲፋቀሩ ነው።

የ1927ቱን «ሜትሮፖሊስ» ለኋላ አቆዩት። ድንቅ ነው፤ ግን በዘመኑ እጅግ ውድ የነበረ ፊልም ስለሆነ የበጀት ትምህርት አይሰጥም፣ የተሟላው ቅጂም ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ጥያቄ፦ በሞባይል አጭር ፊልም እየሠራን ነው። የሮቦቱ ዓይን እንዲያበራ ሙሉ ዓይን የሚሸፍን ብርማ ሌንስ ልንገዛ አስበናል። ይሻላል? *(ከኮምቦልቻ)*

መልስ፦ አትግዙ። በ1962ቱ ፊልም ተዋንያኑ ያደረጉት እንዲህ ያለ ሌንስ ነው፤ ግን የዓይን የፊተኛው ገጽ ኦክስጅን የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር ነው። ያለ ባለሙያ ልኬት የተደረገ ሌንስ ዓይኑን ያፍናል፣ ይቧጥጣል፤ ሁለት ሰው ከተዋሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ያስተላልፋል።

የሚያበራ ዓይን ከፈለጋችሁ በ1982 በ«ብሌድ ራነር» የተሠራበትን ዘዴ ውሰዱ። ፊልሙ ውድ ነው፤ ዘዴው ግን ርካሽ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ከፎቶ ፍሬም የወጣ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ግልጽ መስታወት፣ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት፣ ጥቁር ጨርቅና ካርቶን ነው። የመስታወቱን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት፣ እጅ እንዳይቆርጥ። ሞባይሉን በትሪፖድ አቁሙና መስታወቱን ከፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ በ45 ዲግሪ አጋድሙት። መብራቱን በቀኝ በኩል፣ በሌንሱ ከፍታ ልክ፣ ከመስታወቱ መካከል በዚያው 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አድርጉ። አሁን ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ከሌንሱ የወጣ ይመስል በቀጥታ ወደ ተዋናዩ ይሄዳል፤ ዓይን ውስጥ ገብቶም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ብሌኑ ቀላ ብሎ ይበራል።

ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመብራቱ ቦታ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ቀኝ፣ ወደ ላይ ታች እያንቀሳቀሳችሁ ፈልጉት። ክፍሉ ብርሃን ከሆነም አይሠራም፤ ብሌን የሚሰፋው በጨለማ ነው። ተዋናዩ ከ2 ሜትር ገደማ ርቀት ሌንሱን ወይም የሌንሱን አጠገብ ይይ። በምስሉ ላይ መስኮት ወይም የቆመ ሰው እንደ ጥላ ከታየ፣ ነጸብራቁ የመጣው ከመብራቱ ተቃራኒ ከግራ በኩል ነው፤ ጥቁሩ ጨርቅ የሚሰቀለው እዚያ ነው። ምስሉ ነጭ ጉም ከለበሰ መብራቱ ሌንሱን በቀጥታ እየመታ ነውና ካርቶኑን እንደ ቱቦ ጠቅልላችሁ መብራቱ ላይ አልብሱት፤ የመስታወቱንም አቧራ ጥረጉ። ግልጽ መስታወት ከብርሃኑ አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ስለሚመልስ ተዋናዩን አይጎዳውም። ሌዘር ግን በፍጹም አትሞክሩ።

ጥያቄ፦ የድራማ ክበብ ኃላፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ሮቦት ሁኑ» ስላቸው ይንገጫገጫሉ። ሰው ወደ መሆን ሲሸጋገር ልዩነቱን እንዴት ያሳዩ? *(ከወልድያ)*

መልስ፦ መምህር፣ መንገጫገጩን ከመጀመሪያው ያስቀሩት። እንዲህ የጀመረ ተማሪ መጨረሻ ላይ መንገጫገጩን ከመተው በቀር የሚያሳየው ለውጥ አይኖረውም። ይልቅ በመጀመሪያው ትዕይንት ሦስት ጥቃቅን ልማዶች ይስጡትና ኋላ አንድ በአንድ ያፍርሷቸው።

አንደኛው አስተያየት ነው። ተማሪውን አስቀምጠው ከቀኙ በስሙ ይጥሩት። ሰው ከሆነ ዓይኑ ይቀድማል፣ አንገቱ ይከተላል፣ ትከሻው መጨረሻ ይመጣል። ሮቦቱ ግን ዓይኑ ፊቱ ላይ እንደተተከለ አንገቱን ያዙር። የተለየ ነገር ሳያደርግ ተመልካቹን ይረብሸዋል። ሁለተኛው የዓይን ጥቅሻ ነው። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል። ያልለመደ ሰው ከ10 ሴኮንድ በላይ ሳያርገበግብ መቆየት ይከብደዋል፤ ስለዚህ በፊልም ከሆነ ሾቱን ከዚያ ያሳጥሩ፣ በመድረክ ከሆነ ፊቱን ከተመልካች የሚያዞርበት ቦታ ይመድቡለት።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው፤ እኛ ከሁሉ የምናስበልጠውም ይህንን ነው። ሮቦቱ ቃለ ተውኔቱን ከመጀመሩ በፊት በአፍንጫው በዝግታ ይሳብና ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ይጨርስ። ሰው መሆን ሲጀምር ትንፋሹ መግባት በማይገባው ቦታ ይግባ፤ «ወደዚያ ቤት… አልመለስም» ሲል በመካከሉ እንደሚሰማው። በፊልም ከሆነ ትንፋሹን በኤዲቲንግ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ባዶውን ቦታ ግን ዝም ብለው አይተዉት፤ ድምፁ ገደል የገባ ይመስላል። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ 30 ሴኮንድ ይቅረጹና ክፍተቱን ይሙሉበት።

የማፍረሱ ቅደም ተከተል፦ በመጀመሪያ ትንፋሹ፣ ቀጥሎ አስተያየቱ፣ መጨረሻ ጥቅሻው። ትንፋሽ ሳይስተዋል ይሠራል፤ ጥቅሻ ግን በቅርብ ሾት ላይ ግልጽ ስለሆነ ለወሳኙ ጊዜ ይቀመጥ። እንባ ባይጠቀሙ እንመክራለን፤ ሌላው ሥራ ሁሉ ይሸፈናል።

ለመድረክ አንድ ልምምድ እንጨምር። ሮቦቱ ቡና ይቅዳ። መጀመሪያ ጀበናውን ሁልጊዜ ከአንድ ከፍታ ይዞ ሦስቱን ሲኒ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በቅደም ተከተል፣ በእኩል ልክ ይሞላል። በኋለኛው ትዕይንት ተራውን ትቶ ከትልቋ እናት ሲኒ ይጀምር፤ ጀበናውን ዝቅ ያድርግ፤ እስኪቀምሱም ድረስ ሌላውን ሳይቀዳ ይጠብቅ። ሰው ስለ መሆኑ አንድ ቃል መናገር አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ፊታችንን ብርማ ቀለም ቀብተን ስንቀርጽ በሙቀቱ ተንሸራተተ፤ አንዱን ልጅም አሳከከው። *(ከከሚሴ)*

መልስ፦ ቀለሙ የበርና የመኪና ከሆነ ሁለተኛ ቆዳ እንዳይነካ። ማሟሟቻው ቆዳ ያቃጥላል፣ ቅርፊቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። የተንሸራተተው ደግሞ ከሥሩ ቫዝሊን ስለተቀባ ይመስላል፤ ቅባት አይደርቅም፣ ላብም ከሥሩ ይገፋዋል። ፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ ስስ ክሬም ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆይ። አንድ የሻይ ማንኪያ ፋውንዴሽን ውስጥ ቁንጥር የተፈጨ ግራጫ ወይም ሰማያዊ የዓይን ቆብ መቀቢያ (አይሻዶ) ቀላቅሉና በስፖንጅ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከላዩ የፊት ፓውደር ስታደርጉ አትሹት፣ ተጫኑት። ላብ ሲመጣ በሶፍት መታ መታ አድርጉ እንጂ አትጥረጉ። ከጆሮ ጀርባ፣ አንገትና እጅ አይረሱ። በዋዜማው ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ መሞከር የማሳከኩን ነገር አስቀድሞ ያሳውቃል።

ብር የሚመስል አካል ከፈለጋችሁ ቀለሙ ልብሱ ላይ ይሁን። የ«ሜትሮፖሊስ»ን ሮቦት ልብስ ቀራፂው ቫልተር ሹልትሰ ሚተንዶርፍ የሠራው ከብረት አልነበረም፤ በተዋናይቷ የጀሶ ቅርጽ ላይ የእንጨት መሙያ ለጥፎ ብርማ ቀለም ቀባው። እናንተ በጋዜጣ ቁርጥራጭና በዱቄት ሙጫ ሥሩት፦ 1 ኩባያ ዱቄት ለ4 ኩባያ ውሃ፣ እስኪወፍር እየተማሰለ ይፍላ። አምስት ድርብ ይበቃል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ከደረባችሁ ውስጡ ይሻግታል፤ በክረምት ደግሞ ማድረቁ ቀናት ይወስዳል። ክንድና ጉልበት የሚታጠፍበትን ቦታ ክፍት ተዉት።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ትርጉም ጽፈን በፕሮጀክተር ስናሳይ አንዴ አራት ማዕዘን፣ አንዴ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይወጣል። መብራትም ይቆራረጣል። *(ከሐይቅ)*

መልስ፦ ሁለቱ ምልክቶች ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አራት ማዕዘን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ማጫወቻው የተጠቀመው ፎንት ግን ፊደላችንን አያውቅም፤ በቪኤልሲ (VLC) የፊልም ማጫወቻ የንዑስ ጽሑፍ ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ ፎንቱን ናያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፋይሉ ሲቀመጥ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ማስተካከል አይቻልም። ዋናውን ጽሑፍ እንደገና ክፈቱና ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን (የፊደል አቀማመጡን) ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) በሉት፤ የፋይሉ ስም መጨረሻ ኤስአርቲ (.srt) ይሁን። አንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አታሳዩ፤ የ1962ቱ ፊልም ንግግር የበዛበት ስለሆነ ቃል በቃል ከመከተል ማሳጠር ይሻላል፤ አለዚያ ተመልካቹ ጽሑፉን እንጂ ፊቱን አያይም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ድንገት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው አብሮ ስለሚቆም አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል። ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ለጥቂት ደቂቃ ይይዘዋል፤ ያ ጊዜ ፊልሙን ለመጨረስ ሳይሆን በሥርዓት አጥፍቶ ማራገቢያው እስኪያቆም ለመጠበቅ ነው። ሲመለስም ወዲያው አታብሩት፤ ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ መብራቱም ይረጋጋ። ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚቀጥል የቆመበትን ደቂቃ ጻፉት።