እናትን ይዞ ወደ ዘርማት፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ከጄኔቫ የጻፉልን እህታችን እናታቸው በጁላይ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ፣ እሳቸውን፣ ባለቤታቸውንና የሰባትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው ለአራት ወይም ለአምስት ቀን በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ወዳለችው መንደር ወደ ዘርማት መሄድ እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ከፍታው ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናታቸው ይከብድ እንደሆነ፣ ጾመኛ በመሆናቸው የቱ ሳምንት እንደሚሻልና ወጪውም እንዴት እንደሚቀንስ ጠይቀዋል። እኔ በስዊዘርላንድ ስኖር ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶቼን ወደዚያው መንደር ደጋግሜ ስለወሰድኩ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ። መልሴ በአጭሩ ይሂዱ የሚል ነው፤ ሆኖም የጉዞው መሳካት ከምንም በላይ የሚወሰነው ወደ ላይ የሚወጡበትን ቀን ለአየሩ ትተው፣ ሰዓቱን ግን ጠዋት ላይ አጥብቀው በመያዝዎ ነው።

ከወቅቱ ልጀምር። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን፣ ማለትም በጁላይ 12 ይፈታል፤ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን፣ ማለትም በኦገስት 7 ይገባል። በመካከላቸው ያሉት ሳምንታት ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የፍስክ ቀናት ናቸው፤ ልጆቹም በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸዋል። በፍልሰታ ብዙ እናቶቻችን እስከ ከሰዓት በኋላ እህልም ውኃም ስለማይቀምሱ፣ በዚያ ሁኔታ በከፍታ ላይ በፀሐይ መራመድ ለጤና አይመከርም፤ እናትን ጾምዎን ያቋርጡ ብሎ መለመን ደግሞ ለእሳቸውም ለእርስዎም የሚያስጨንቅ ነገር ነው። በጁን ደግሞ ከላይኞቹ መንገዶች አንዳንዶቹ ገና በረዶ ይዘው ይቆያሉ። በኦገስት 1 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ በዓል አካባቢ መንደሩ በሰው ይሞላል። ስለዚህ ከጁላይ 12 ቀጥሎ ያለውን ሳምንት እመርጥልዎታለሁ፤ በዚያን ጊዜ ሜዳው ሁሉ አበባ ነው።

ስለ ከፍታው እምብዛም አይጨነቁ። ዘርማት ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ከምትገኘው አዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። እንጦጦ ማርያም እየተሳለሙ የኖሩ እናት 3,000 ሜትር ላይ ሲደርሱ አዲስ አገር አልደረሱም። እርግጥ ነው፣ ጄኔቫ ብዙ ሳምንት ከተቀመጡ ሰውነታቸው ዝቅተኛውን ቦታ መልመዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመጡ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ መሄዱ ይሻላል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ግን ሐኪም ሳያማክሩ ወደ ላይኞቹ ጣቢያዎች አይውሰዷቸው። ለእሳቸው የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው፤ የታመመ ጉልበት ከዳገት ይልቅ በቁልቁለት ይጎዳልና። በባቡር ወጥቶ፣ ላይ ሜዳማውን ተራምዶ፣ በባቡር መመለስ ለእሳቸው ትክክለኛው አካሄድ ነው፤ ሁለት የመራመጃ ዘንግም ይግዙላቸው።

ዘርማት መኪና የማይገባባት መንደር ናት፤ በመኪና የሚሄድ ሰው ቴሽ በተባለችው መንደር አቁሞ በአሥራ ሁለት ደቂቃ በባቡር ይገባል። ከጄኔቫ ግን ፊስፕ በተባለችው ከተማ ባቡር ቀይሮ አራት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ከነሻንጣችሁ በባቡር ብትሄዱ ይሻላችኋል።

አየሩ በጠራበት የመጀመሪያው ጠዋት ወደ ጎርነርግራት ውጡ። ይህ በጥርሳም ሐዲድ የሚወጣ ባቡር ከ1898 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሲሆን ከመንደሩ ተነሥቶ በግማሽ ሰዓት ገደማ 3,089 ሜትር ላይ ያደርሳል። ከላይ ሲቆሙ በአንድ በኩል 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው ማተርሆርን፣ በሌላው በኩል 4,634 ሜትር የሚደርሰው የሞንቴ ሮዛ ጫፍ፣ ከእግርዎ ሥር ደግሞ የጎርነር የበረዶ ግግር ተዘርግቶ ይታያል። አክስቴን የወሰድኳት ጊዜ ተራራውን ትታ ለረጅም ጊዜ ያየችው ያንን ግግር ነበር፤ ከሩቅ አስፋልት የመሰላት ጥቁር መስመር በረዶው ተሸክሞ የሚያወርደው ድንጋይና ጠጠር መሆኑን ስነግራት፣ "ታዲያ ይሄ ሁሉ ይሄዳል ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ይሄዳል፤ ከዓመት ዓመትም እየሸሸ ነው፤ ልጆችዎ ይህን በዓይናቸው ማየታቸውን እኔ እንደ ትልቅ ትምህርት እቆጥረዋለሁ።

ስትመለሱ ሮተንቦደን በሚባለው ጣቢያ ውረዱ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ዝቅ ብሎ ሪፈልዜ የተባለ ትንሽ ሐይቅ አለ፤ ነፋስ ካልተነሣ ማተርሆርን ተገልብጦ ይታይበታል። ነፋሱም ደመናውም በአብዛኛው የሚመጡት ከረፋዱ በኋላ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ባቡር ውስጥ መሆን አለባችሁ የምለው ለዚህ ነው። በእኛ አቆጣጠር እየተናገርኩ ነው። ከሐይቁ እስከ ሪፈልበርግ ጣቢያ ያለው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ቁልቁል ያስኬዳል፤ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይሂዱ፣ እርስዎና እናትዎ ወደ ሮተንቦደን ተመልሳችሁ በባቡር ሪፈልበርግ ላይ ተገናኙ። በመንገዱ ላይ የሹል ፉጨት ድምፅ ከሰማችሁ ማርሞት የሚባለው ወፍራም የተራራ እንስሳ ጓደኞቹን እያስጠነቀቀ ነውና ልጆቹን ዝም አሰኝታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ።

ሁለተኛው ጠዋት ለአምስቱ ሐይቆች መንገድ ይሁን። በዋሻ ውስጥ በሚወጣው ባቡር ሱንኔጋ የተባለው ጣቢያ፣ ከዚያም በኬብል ካር ብላውሄርድ የተባለው ጣቢያ ይደርሳሉ። ከብላውሄርድ ሽቴሊዜ እስከሚባለው ሐይቅ ድረስ ያለው መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ ብዙም ዳገት ስለሌለው እናትዎ ይችሉታል። ሙሉው መንገድ ግን አሥር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ሳያርፉ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ተስማሚ ሲሆን ለሰባት ዓመቱ በዕረፍትና በስንቅ የሚቻል ነው። መጨረሻው ላይ ከሱንኔጋ አጠገብ ላይዜ የተባለው ሐይቅ አለ፤ ልጆች ይዋኙበታል፣ መጫወቻም አለው፤ አያታቸው እዚያ ተቀምጠው ሊጠብቋቸው ይችላሉ። እኔ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ቀን ማድረግን አልመክርም።

ራንዳ በተባለችው መንደር በኩል ያለውንና በ2017 የተከፈተውን 494 ሜትር ርዝመት ያለውን የገመድ ድልድይ በሥዕል አይተው ከሆነ፣ ለዚህ ጉዞ ይተዉት። ድልድዩ ጋ ለመድረስ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ኃይለኛ ዳገት መውጣት፣ ከዚያም ያንኑ መውረድ ግድ ይላል። በአጠቃላይ ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሆነው የመንገድ ምልክት ለማንም እግረኛ የሚሆን፣ ነጭ-ቀይ-ነጭ ያለበት ጠንካራ ጫማና ጥንቃቄ የሚጠይቅ፣ ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ያለበት ደግሞ ለለመዱ ሰዎች ብቻ የሆነ መንገድ ነው። በምልክቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት የዕረፍት ጊዜን አይጨምርም፤ ከእናትዎ ጋር ሲሆኑ እጥፍ አድርገው ያስቡት።

ዝናብ የሚይዝበት ቀን መኖሩ አይቀርም፤ በዚያ ቀን ውድ የሆነውን የተራራ ቲኬት መግዛት ደመና ለማየት መክፈል ነው። ቲኬቱን አስቀድመው አይቁረጡ፤ ጠዋት የስዊዘርላንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሆነውን የሜቴዮ ስዊስን ትንበያና በየጣቢያው የተተከሉትን ካሜራዎች በስልክዎ አይተው ይወስኑ። በዝናቡ ቀን ወደ ማተርሆርን ሙዚየም ሂዱ፦ በጁላይ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ ከደረሱ በኋላ ሲወርዱ አራቱ ገደል ገብተው ሲሞቱ የተበጠሰው ገመድ እዚያ ይታያል። ትልቋ ልጅዎ ቆማ እንደምታነብ እርግጠኛ ነኝ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በአሮጌው ሰፈር በኩል እለፉ፤ በፀሐይ የጠቆሩት የእንጨት ጎተራዎች ቆመው የሚታዩት በእንጨት እግር ላይ ሲሆን፣ በእግሩና በጎተራው መካከል ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቶበታል። አይጥ እግሩን ወጥታ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ተዘቅዝቃ መዞር ስለማትችል እህሉ ይተርፋል። ገጠር ያደጉ እናት ይህን ከማንም ቀድመው ይረዱታል።

ወጪውን በተመለከተ፣ የግማሽ ዋጋ ካርድ ያለው ሰው በጎርነርግራትም በሱንኔጋም ግማሽ ብቻ ይከፍላል፤ ለእናትዎ ለእንግዶች የሚሸጠው የአንድ ወር ካርድ አለ። ለልጆቹ ከወላጅ ጋር ሲጓዙ የሚያገለግለውን የጁኒየር ካርድ ያውጡላቸው። ማረፊያ ከሆቴል ይልቅ ኩሽና ያለው አፓርታማ ይያዙ፤ ቴሽ ይረክሳል፣ ነገር ግን ማለዳ ፀሐይ ማተርሆርንን ስታቀላው ከመስኮት ማየት ከፈለጉ ዘርማት ውስጥ ማደሩ ልዩነቱን ይክሳል። ሱፐርማርኬት ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አለ። ረቡዕና ዓርብ ላይ ሬስቶራንት ውስጥ ድንች እንኳ በቅቤ ሊጠበስ ስለሚችል፣ ሽሮና በርበሬ ከቤት ይዘው ይሂዱ።

የእናትዎ የሼንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የጉዞ ኢንሹራንስ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ውሉ ከተራራ ላይ በሄሊኮፕተር ማንሣትን መሸፈኑን አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ። በዚያ አካባቢ የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 144 ነው። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጄኔቫ ሞቆ ሳለ እንኳ ተራራው ላይ ነፋሱ አጥንት ይገባል፤ ለእናትዎ ጋቢያቸው በባቡርና በወንበር ላይ እጅግ ይጠቅማቸዋል፣ በላዩ ግን ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልጋቸዋል። ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ ከስምንት ሰዓት በፊት ወደ ጣቢያ ተመለሱ። ጫማቸው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ እንደመጡ ገዝተው በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ለጥቂት ቀን እየሄዱበት ያለማምዱት።